ከኋላዬ አንድ መኪና አለ

ከታችኛው ኬላ
መጋቢት 11

ለወንድሜ ለጥሩምባ፣

ደብዳቤህ በእንጨት ጫኙ ሾፌር እጅ ደረሰኝ። አንድ ገጽ ተኩል ሰላምታ ነው። ለእኔ፣ ለጉልበቴ፣ ለጓሮው ጎመን፣ ለዶሮዎቹ ሳይቀር ሰላም ብለሃል። ገና ከልጅነትህ ጀምሮ ሰላምታህ ሲረዝም አንድ ነገር እንደሰበርክ አውቃለሁ። ጉልበቴ እንደነበረው ነው። ጎመኑን ዝንጀሮ በላው። ዶሮዎቹ እግዜር ይስጥልን ብለዋል።

መጨረሻው መስመር ላይ፣ ቀለሙ በሳሳበት ቦታ፣ በትሩ ተገኘ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አልተገኘም። የላይኛው ኬላ ጠባቂያችን ኮማንደሩ አዲስ አስጠርቦ ልኮልኛል። ቢጫ ቀለም የተቀባ ነው፤ ከድሮው ቀይ በትር በአንድ ጣት ያጥራል። ለእሱ ሌላ ምስማር መታሁለት። የድሮው ምስማር ባዶውን ግድግዳው ላይ አለ።

ባለፈው ሳምንት ከመንገድ ቢሮ አንድ ወጣት መርማሪ መጥቶ ነበር። ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማው ግን ለገደል አልተሠራም። የመንገዱን ጠባይ ስለማያውቅ ከሀ ጀምሬ አስረዳሁት። "ልጄ፣ ከዚህ እስከ ላይኛው ኬላ ዘጠኝ ኪሎሜትር ነው፤ ሃያ አንድ መታጠፊያ አለው። በአንድ ጎኑ ቋጥኝ፣ በሌላው ጎኑ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። ስፋቱ ለአንድ መኪና ብቻ ነው። ሁለት መኪና ፊት ለፊት ከተገናኘ አንደኛውን ከወንዙ ነው የምንለቅመው። ስልክ አይሠራም። ስለዚህ አንድ በትር አለን። ከላይ የሚወርዱት ሲወርዱ የመጨረሻው ሾፌር በትሩን ይዞ ይመጣል። እኔ በትሩን ስቀበል መንገዱ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰንሰለቱን አነሳና የታችኞቹን አስወጣለሁ። በትር ካልመጣ ሰንሰለት አይነሳም" አልኩት።

"ታዲያ ያን ቀን ምን ሆነ?" አለኝ።

"ያን ቀን የመጨረሻው ሾፌር ወንድሜ ነበር። በትሩን በእጄ ሰጠኝ። የት እንዳደረግሁት ረሳሁ፤ መቀበሌንም ረሳሁ። ከላይ ገና መኪና ይመጣል ብዬ ሰንሰለቱን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እባብ የነደፈው ልብስ ሰፊው ከሰንሰለቱ ሥር አራት ሰዓት ተኛ። ላይ ክሊኒክ ሲደርስ ቀኝ እጁ አልተረፈም።"

ጻፈው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ እናቴ?" አለኝ። ቀኑን ነገርኩት። የመጣበትን መኪና ታርጋም፣ ዓምና በዚህ ያለፉ የሰባት ጭነት መኪናዎችን ታርጋም በቃሌ ደረደርኩለት። ያንን አልጻፈውም።

ደብዳቤ በሾፌር እጅ ስለሚሄድ ከዚህ በላይ አልልም። ፖስታው ጀርባ ላይ በእርሳስ አንድ ቃል ጽፌልሃለሁ፤ እሱን አንብብ።

እህትህ፣ ሾፌሮቹ ሰንሰለት የሚሏት


ሚያዝያ 2

ለውድ እህቴ፣ ለእናቴም ምትክ፣ ለእትዬ፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ፣ የወንዙ ጉም፣ ያ የሚያፈስ ጣሪያ? ጎመኑ በመበላቱ ከልቤ አዝኛለሁ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ለአንቺ ከማሰብ በስተቀር የጎደለብኝ የለም። ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። ባለፈውም ዘግይቼ ነበር፤ ለዚያም ይቅርታ። ከዚያ በፊት የላክሁት ደብዳቤ አጭር ስለነበረ ለእሱም ጭምር ይቅርታ።

የት እንደምሠራ አልነገርኩሽም። ጎብኚ ማመላለሱን ትቻለሁ። ሚኒባሷን ለባለቤቷ መለስኩ። አሁን የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች የማመላልስ ሰርቪስ ሾፌር ነኝ፤ ስሜም እዚህ "ሰርቪስ" ሆኗል። ጥሩምባ የሚለኝ ሰው የለም፤ ጥሩምባም አልነፋም። ከተማው እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ጠዋት ከመኖሪያ ሰፈራቸው እወስዳቸዋለሁ፣ ማታ ነጭ ሆነው እመልሳቸዋለሁ። በመንገዱ ሁሉ አንድ መታጠፊያ አለ፣ እሱም መብራት አለው። አንድ ሰው በመስኮት ሲመለከት አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም ይተኛል።

ያከራዩኝ ክፍል ጠባብ ናት። አልጋ፣ ወንበር፣ አልጋው ሥር አንድ ሻንጣና በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ዕቃ፤ በቃ ይኸው ነው። ለአንድ ሰው ይበቃል።

ለበዓል እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ፋብሪካው ፈረቃ ጨመረ። ከዚያ ጎማ ተበላሸ። ከዚያ ደግሞ ተተኪ ሾፌር ታመመ። ሁሉም እውነት ነው፤ ስጽፈው ግን ለምን እንደዚህ እንደሚመስል አላውቅም።

የድልድዩ ሰፈር ሰዎች እንዴት ናቸው? ሁላቸውንም ሰላም በይልኝ።

ፖስታው ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ለእሱ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ወንድምሽ


ግንቦት 7

ለወንድሜ፣

የድልድዩ ሰፈር ሰዎች ብለህ የጠየቅኸው አንድ ሰው ነው። ልትጠራው ከፈራህ እኔ ልጥራልህ። ልብስ ሰፊው ደህና ነው። ሱቁን ከፍቷል። እሱ የስፌት መኪናውን መርገጫ ይረግጣል፣ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ጨርቁን ትመራለች። አንድ ሸሚዝ ለሁለት መስፋት መሆኑ ነው። ሲጣሉ ስፌቱ ይጣመማል፤ ሰውም ኮሌታውን አይቶ ዛሬ ተጣልተዋል ይላል። እሱ ራሱ ነው ይህን ቀልድ ያመጣው። ሰው እየሳቀ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ግን ሳቁን ያቆማል።

ከዚያ ቀን በፊት ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ሰጥቼው ነበር፤ ያ ግራጫው፣ አንተ ያመጣህልኝ። እንዴት ብዬ ልጠይቀው? ትቼው ነበር። ባለፈው እሑድ ሚስቱ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችው። እሷ አታናግረኝም፤ አልፈርድባትም። ቀሚሱን ስዘረጋው ጫፉ በእጅ የተሰፋ ነው፤ በግራ እጅ። ስፌቱ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ላይ የወጣ። መስፋት እንደጀመረ ሰው። ወረቀት አድርጎበታል፦ "እትዬ፣ ቀሚስዎን ረስተውት እንዳይሆን ብዬ ነው" ይላል። ሲያሽሟጥጠኝ መስሎህ እንዳይሆን። አዝኖልኝ ነው። አእምሮዋ ደክሟል፣ ምን ታድርግ፣ ብሎ አዝኖልኝ ነው።

እንዲህ ነው አሁን። ባለሱቁ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይነግረኛል። "ጨው ነው የወሰዱት። ጨው።" ሾፌሮቹ ሲያልፉ ማን እንደሆኑ ያስታውሱኛል፤ እኔ የት እንዳደሩ ለሚስቶቻቸው እንኳ የምነግር ሴት! ኮማንደሩ ከላይ መልእክት ሲልክ በትልልቅ ፊደል ይጽፋል። አንድ ቀን ከአፌ ሊያመልጠኝ ነበር። ከዚያ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ዋጥኩት።

ቀሚሱን ለብሼዋለሁ። ይሰፋኛል፤ ከስቻለሁ መሰለኝ።

እህትህ


ሰኔ 19

ለእትዬ፣ ሰላምና ጤና ለአንቺ ይሁን፣

ስለ ቀሚሱ የጻፍሽልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ፋብሪካው በር ላይ ሠራተኞቹን አሥር ደቂቃ አስቆምኳቸው፤ መውጣታቸውን አላየሁም ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል ይመጣልሻል። መቀስ ነው። የግራ እጅ መቀስ። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ከሥራ በኋላ ሦስት ሳምንት ፈልጌ አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ ዘንድ አሠራሁት። ስለቱ በተቃራኒ ነው የተገጠመው፤ እኔ በቀኝ እጄ ስሞክረው ጨርቁን አኘከው። እባክሽ ለልብስ ሰፊው ስጭልኝ። ማን ላከው ካለሽ አንድ መንገደኛ በይው፤ ወይም ምንም አትበይው።

ሌላም አስቤያለሁ። ለምን እኔ ዘንድ አትመጪም? ሁለት ክፍል እከራያለሁ። እዚህ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ የሚነግርሽ የለም። ያ ቤት ድሮም ለጉልበትሽ አይሆንም፤ ኬላውንም ለሌላ ተዪላቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ይበቃል።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያስብ ለራሱ እያሰበ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ነይ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 3

ለወንድሜ፣

መቀሱ ደርሷል። የሚያምር ሥራ ነው። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እዚያው ይቆያል። ማን ላከው ሲለኝ መንገደኛ ልበለው? ይህ ሰው በዚህ መንገድ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ ሱሪ የሰፋ ነው፤ የትኛው መንገደኛ ቢለኝስ? ስም የሌለው ስጦታ አላደርስም። የኬላ ጠባቂ ነኝ፤ ላኪው ያልታወቀ ዕቃ አላሳልፍም።

እኔ ዘንድ ነይ ላልከው፣ አልመጣም። ቢሮው ግን ያስወጣኛል፤ ያንን አልነገርኩህም ነበር። ጥቅምት 8 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች እዚሁ ኬላው ድረስ ይመጣሉ። ልብስ ሰፊውም ተጠርቷል። መርማሪው የጻፈውን ያነቡልኛል፤ "ልክ ነው ወይ?" ይሉኛል፤ ልክ ነው ካልኩ እፈርማለሁ። ከዚያ በመርሳት በሽታ ከሥራ የተሰናበተች እባላለሁ፤ ቤቱንም በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ። ወረቀቱ ላይ "መርሳት" የሚለውን ሦስት ቦታ ጽፈውታል፤ እንዳልረሳው ይሆናል።

ለአንተና ለእኔ ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ግን እስከ መቼ ነው እንደማናውቅ ሆነን የምንጻጻፈው? እኔ ደክሞኛል።

ዝናቡ ጀምሯል። አሥራ አንደኛው መታጠፊያ ላይ ድንጋይ ወርዶ ሁለት ቀን ተዘግተን ነበር። ወንዙ ቀልቷል፤ ሌላ ድምፅ አያሰማም።

እህትህ


ነሐሴ 20

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሾፌር ቢከፍተው ግድ የለኝም። ያነብበው።

ያን ቀን ሰባት ጎብኚዎች ይዤ ነበር። ዝናቡ ወጥቶ ሸለቆው ታጥቦ ነበር፤ ከቋጥኙ ላይ ቀጫጭን ፏፏቴዎች ገና አልደረቁም። ወንዙ ከቀይ ወደ አረንጓዴ የሚዞርበት ያ ሳምንት ነው፤ በአንድ በኩል ገና ቀይ፣ በሌላው በኩል ጠርቶ፣ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይወርዱ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ሦስቴ አይገኝም። ሰባተኛው መታጠፊያ ላይ ቆሜ ጥሩምባ ነፋሁላቸው፤ ሸለቆው ሦስት ጊዜ መልሶ ነፋ። አጨበጨቡ። እኔም ኮራሁ፤ ገደሉን የሠራሁት ይመስል።

ስለ በትሩም ነገርኳቸው። ከማርሹ አጠገብ አንስቼ አሳየኋቸው። "ይህ ቀይ እንጨት የሰው ነፍስ ነው። ከእኔ በስተኋላ መኪና የለም፤ ይህን የያዘ ሾፌር የመጨረሻው ነው። እህቴ ታች ቆማ ይህን ትጠብቃለች" አልኩ። በትሩን ረስቶ የሚመጣ ሾፌር ስሙ ኬላው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አንድ ወር እንደሚጻፍ ነገርኳቸው። ስማቸው የተጻፈባቸውን እየቀለድኩ ቆጠርኩላቸው።

አሥራ አራተኛው ላይ፣ መመልከቻው ድንጋይ ካብ ዘንድ፣ ቆምን። ከመካከላቸው አንዲት ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ነበረች። አንቺን አስታወሰችኝ። መውረድ አቃታት፤ ምርኩዝ አለህ ወይ አለች። በትሩን ሰጠኋት። ተደግፋ እስከ ካቡ ሄደች፤ ወንዙን ቁልቁል ለረጅም ጊዜ አየች። "ይህን ሳላይ ልሞት ነበር" አለች። ደስ አለኝ። ያን ደስታ አሁን ሳስበው ይቆረቁረኛል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እኔን ነው።

አሥራ ሰባተኛው ላይ እጄን ወደ ማርሹ ብሰድ በትሩ የለም። ካቡ ላይ ትታው ይሆናል አልኩ። መመለስ አይቻልም፤ መዞሪያ የለም። እትዬ፣ ወደ ኋላ ዞሬ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ በቂ ነበር። "በትሩን ያየ አለ?" ሦስት ቃል ነው። አልጠየቅሁም። የሰው ነፍስ ነው ብዬ ያሳየኋቸውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጣልኩት ለማለት አፈርኩ።

ከዚያ አንቺ ዘንድ ደረስኩ። ሰሌዳው ባዶ ነበር፤ ንጹሕ ተጠርጎ። "በትሩስ?" አልሽኝ። "ከኋላዬ አንድ መኪና አለ፤ እሱ ይዞታል" አልኩሽ። ቀለል ብሎ ነው የወጣው። ሰንሰለቱን አነሳሽልኝ፤ ለመንገድህ ብለሽ ሁለት ብርቱካን በመስኮት ሰጠሽኝ። አንድ ሰዓት ትጠብቃለች፣ ከዚያ ኮማንደሩ ይወርዳል፣ ይሳሳቃሉ ብዬ ነበር።

ከተማ ደርሼ ሚኒባሷን ሳጥብ በትሩ ሦስተኛው ወንበር ሥር ነበር። አሮጊቷ መልሳ ይዛው ገብታ አስተኝታዋለች። ጠይቄ ቢሆን አንስታ ትሰጠኝ ነበር።

በማግስቱ ልመልሰው ተነሳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ማደያው ዘንድ፣ ሾፌሮች የልብስ ሰፊውን ነገር ሲያወሩ ሰማሁ። "ጠባቂዋ በትሩን ተቀብላ ረስታው ነው አሉ፤ ራሷ ነች ያለችው" አሉ። እትዬ፣ ያን ጊዜ ሰውነቴ ቀለለኝ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ከውሸቱም ይብሳል። ቀለለኝና መኪናዬን አዞርኩ።

በትሩ አልጋዬ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ዓመት ሊሆነው ነው።

ወንድምሽ


መስከረም 14

ለወንድሜ፣

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤህ ደረሰኝ። ከሄድክ ወዲህ የጻፍክልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነው፤ ሌላው ወረቀት ነበር።

መዋሸትህን ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቄያለሁ። ኮማንደሩ ዘጠኝ ኪሎሜትር በእግሩ ወርዶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ "የመጨረሻው ጥሩምባ ነበር፤ በትሩን በእጄ ሰጥቼዋለሁ" ሲል አወቅሁ። በትሩ አንተ ዘንድ መሆኑን ግን አላወቅሁም። ገደል ገብቷል ብዬ ነበር። ባለፈው ወር በዝናብ ወጥቼ ጎብኚ የምታቆምበትን ካብ ሥር ሥሩን በእጄ ስዳብስ ነበር፤ ያን ጊዜ አንተ አልጋ ሥር አስተኝተኸዋል። ለዚህ ሰድቤሃለሁ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ፣ ሰባት ትውልድህን፤ የእኔም ትውልድ መሆኑን ረስቼ። ይኸው አንድ ነገር ረሳሁ።

አሁን ስማኝ። ያን ቀን በትሩ ጠፋኝ ብትለኝ ምን አደርግ ነበር? ስምህን ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር። ጎብኚዎችህ ፊት አዋርድህ ነበር። ሰንሰለቱን ግን ወዲያው አነሳ ነበር፤ መንገዱ ባዶ ነዋ። በትር ባይኖርም እውነት ይበቃኝ ነበር። ሰንሰለቱን የዘጋብኝ የበትሩ መጥፋት አይደለም፤ የሌለው መኪናህ ነው።

ልብስ ሰፊውን በሰባት ሰዓት አመጡት። እንጨት ሲያነሳ ነው እባቡ የነደፈው። ሚስቱ እግሬ ላይ ወደቀች። ከላይ መኪና እየወረደ ነው፣ ገደል ላይ ይገናኛችኋል፣ ትንሽ ታገሡ አልኳት። ማን አለሽ አለችኝ። ወንድሜ አልኳት። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ክንዱን አቅፎ መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ ምን እንዳላት ልንገርህ? ለአንድ ዓመት የያዝኩት እሱን ነው። "ተይ አትጩኺ። ጥሩምባ አለ ካለ አለ። እንጠብቅ" አላት። ከዚያ ጋደም አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሾፌር በእግሩ ወጥቶ እንዲያይ እስክልክ ድረስ ክንዱን እንዳቀፈ ነበር። የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ሱሪህን የሰፋልህ እሱ ነው፤ አንተን አምኖ ተኛ።

ለምን ረሳሁ እንዳልኩ ጠይቀኸኝ አታውቅም። አላሰብኩበትም፤ ምላሴ ቀደመኝ። አንተን ሊይዙህ ነው ብዬ ነው። በሳምንቱ መጥተህ "እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ" ትላለህ ብዬ ነበር። ለአንድ ሳምንት ብዬ የዋሸሁት ነው፤ ለዓመት አልነበረም። በየቀኑ መንገዱን አየሁ። ሳምንቱ ሲያልፍ ደግሞ እኔም አፈርኩ። ስለዚህ አንተን ብቻ አልከስም። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ኬላው ላይ ቆሞ "እትዬ፣ እውነት ረስተውት ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት፤ ዓይኑን እያየሁ። ቀሚሱን የሰፋልኝ ከዚያ በኋላ ነው። የለበስኩት የእሱን ምሕረት አይደለም፤ በውሸት ያገኘሁትን ኀዘኔታ ነው። ይህ ከገባኝ ወዲህ አልለበስኩትም።

ና አልልህም። አንዴ ጽፌልሃለሁ፤ ሁለት ጊዜ የሚነገረው ለሚረሳ ሰው ነው። ጥቅምት 8 ልክ ነው ወይ ሲሉኝ ምን እንደምል ገና አላውቅም። ልክ አይደለም ካልኩ ወንድሜን አሳልፌ መስጠቴ ነው። ልክ ነው ካልኩ ደግሞ ያንን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሰንሰለት ሥር ማስተኛቴ ነው።

እህትህ


ከላይኛው ኬላ
ጥቅምት 8፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

እትዬ፣

ይህን የምጽፈው ከኮማንደሩ መዝገብ በተቀደደ ወረቀት ነው።

በታች በኩል ብመጣ ግማሽ ቀን ነበር። በሜዳው ዞሬ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የሚኒባሷን ባለቤት ለምኜ ያችኑ ሚኒባስ ይዤያለሁ። ያን ቀን በወረድኩበት ካልወረድኩ መምጣት አይሆንልኝም።

ለኮማንደሩ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ለረጅም ጊዜ ጫማውን አየ። "ለእሷ በትልልቅ ፊደል ስጽፍላት ነበር" አለኝ። ተራዬን እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ቢጫውን በትር አንስቶ በእጄ አደረገና መዝገቡ ላይ "የመጨረሻ፦ ጥሩምባ" ብሎ ጻፈ፤ ልክ እንደ ዓምናው። ቀዩ አጠገቤ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት በትር ይዞ የወረደ ሾፌር ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ ሆኜ ስድስተኛው መታጠፊያ ድረስ ይታየኛል። ወንዙ ያው እንደ ዓምናው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። መመልከቻው ላይ አልቆምም። ጥሩምባም አልነፋም።

ልብስ ሰፊው ኬላው ላይ ቆሞ ሳለ ለሦስቱ ሰዎች ሁሉን እናገራለሁ። መቀሱን ከመሳቢያው አውጪልኝ፤ ላኪው በእጁ ይሰጠዋል፤ ቢወረውርብኝ አነሳዋለሁ። ይቅር ይለኛል ብዬ አይደለም የምመጣው። እንዲያውም ባይለኝ ይገባኛል። ግን ለምን እንደጠበቀ ማወቅ አለበት፤ አንቺም ከእንግዲህ ቀኑ ስንት ነው መባል የለብሽም። ምን ያደርጉኛል የሚለውን መንገድ ላይ ሳስብ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ፈርቻለሁ፤ ይህንንም እወቂልኝ።

ጠመኔ አዘጋጂ። ግራጫውን ቀሚስ ልበሺው።

ፖስታው ጀርባ ላይ በእርሳስ "መቼ?" ብለሽኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ እያልኩ ቆየሁ።

ይህን ደብዳቤ ከፊቴ ለሚወርደው ለእንጨት ጫኙ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ሲደርስ እንደ ደንቡ "በትሩስ?" ትይዋለሽ። ከኋላዬ አንድ መኪና አለ፣ እሱ ይዞታል ይልሻል። ዛሬ እውነት ነው፤ ሰንሰለቱን ዘግተሽ ጠብቂኝ።